የኮምፓይለር ማዋቀሪያ ፋይል ስም ሲቀየር የቀድሞው ስም እንዴት ይስተናገድ?

ጥያቄዎ ባጭሩ ይህ ነው። እርስዎና ባልደረቦችዎ የምትሠሩት ኮምፓይለር (የተጻፈ ኮድን ማሽን ወደሚያስኬደው መልክ የሚተረጉም ፕሮግራም) ቅንብሮቹን የሚያነበው «ኮንፊግ.ቶምል» ከሚባል ፋይል ነው፤ «ቶምል» ቅንብር በቁልፍና በዋጋ የሚጻፍበት የጽሑፍ ቅርጽ ነው። ስሙ የማንኛውም ፕሮግራም ሊሆን የሚችል በመሆኑ ተጠቃሚዎች ከሌሎች መሣሪያዎች ፋይል ጋር እያምታቱት ስላስቸገረ፣ ኮምፓይለሩን ለይቶ በሚጠራ ስም ልትተኩት ወስናችኋል። የከበዳችሁ በአሮጌው ስም የሚሠሩ ፕሮጀክቶች ሳይሰበሩ ይህን መፈጸሙ ነው። ሁለቱም ፋይሎች ቢገኙ የትኛው ይነበብ፣ ይዘታቸው ይዋሃድ ወይስ አይዋሃድ፣ የቀድሞው ስምስ መቼ ይቅር ብለው ጠይቀዋል።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ከዚያ ላስረዳ። የቀድሞው ስም ብቻ ያለበት ፕሮጀክት እንደ ወትሮው ይሥራ፤ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ይድረሰው። አዲሱ ስም ብቻ ካለ ምንም አይባል። ሁለቱም በአንድ ማውጫ ውስጥ ከተገኙና ይዘታቸው ከተለያየ ግን ኮምፓይለሩ በራሱ ፈቃድ አንዱን መርጦ አይቀጥል፤ ሁለቱንም በስም ጠቅሶ ይቁም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከቀድሞው ጋር የመጣጣምን ግዴታ የሚጥስ ይመስላል፤ ነገር ግን አይጥስም። አዲሱ ስም እስከ ዛሬ ስላልነበረ ሁለቱን ፋይሎች አጣምሮ የያዘ ፕሮጀክት ዛሬ የለም፤ ባልነበረ ሁኔታ ላይ ጥብቅ ብትሆኑ ሥራው የሚስተጓጎልበት ሰው አይኖርም። ይህ ዕድል የሚገኘው ግን ስሙ በተቀየረበት የመጀመሪያው ቨርዥን ላይ ብቻ ነው። ሁለቱን በዝምታ የሚቀበል ቨርዥን አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ በዚያ ላይ ተማምኖ የሚሠራ ሰው መፈጠሩ አይቀርም፤ ያኔ «አሁን ጥብቅ እንሁን» ማለት ራሱ ሰባሪ ለውጥ ይሆናል።

ከእናንተ ጉዳይ ጋር በጣም የሚቀራረበው ረስት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ኮምፓይለር ታሪክ ነው። የረስት ኮምፓይለር የሚገነባው ቡትስትራፕ በሚባል የራሱ መሣሪያ ሲሆን፣ ይህ መሣሪያ ለብዙ ዓመታት ቅንብሩን ያነብ የነበረው «ኮንፊግ.ቶምል» ከተባለ ፋይል ነበር። የረስት ፓኬጅ ማኔጀር የሆነው ካርጎም በበኩሉ «.ካርጎ» በሚባል ማውጫ ውስጥ በዚሁ ስም የተቀመጠ ፋይል ያነባል። መመሳሰሉ በስም ብቻ አልቀረም፤ በሁለቱም ፋይሎች «ቢልድ» የሚል ክፍል፣ በሁለቱም ክፍሎች ውስጥ ደግሞ «ታርጌት» የሚል ቁልፍ አለ። ስለዚህ አንድ ጀማሪ የካርጎን መመሪያ አንብቦ የቡትስትራፕን ፋይል ቢያስተካክል የጻፈው ነገር ለዓይን ስህተት አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ2025 የፋይሉ ነባሪ ስም «ቡትስትራፕ.ቶምል» ሆነ፤ የናሙናው ፋይልም አብሮ «ቡትስትራፕ.ኤግዛምፕል.ቶምል» ተባለ። የቀድሞው ስም ጊዜው ያለፈበት ተብሎ ቢፈረጅም ለቀድሞ ተጠቃሚዎች ሲባል መነበቡ ቀጠለ።

የንባቡን ቅደም ተከተል ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ቡትስትራፕ በመጀመሪያ «--ኮንፊግ» ተብሎ ከትእዛዙ ጋር የተሰጠ ፋይል መኖሩን ያያል፤ ከሌለ «ረስት_ቡትስትራፕ_ኮንፊግ» የሚባለውን ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ከፕሮግራሙ ውጪ በሲስተሙ ላይ የሚቀመጥ ዋጋ) ይመለከታል። ሁለቱም ካልተሰጡ «ቡትስትራፕ.ቶምል»ን በቅድሚያ ትእዛዙ በተጻፈበት ማውጫ፣ ቀጥሎ በሶርስ ኮዱ ዋና ማውጫ ይፈልጋል። በሁለቱም ቦታ ካጣው «ኮንፊግ.ቶምል»ን በዚያው ቅደም ተከተል፣ መጀመሪያ በቅርቡ ማውጫ ከዚያም በዋናው ማውጫ ይፈልጋል። ሰው ስሙን ጠርቶ የሰጠው ፋይል ከሌለ መሣሪያው በስህተት ይቆማል፤ ነባሪ ፋይሎቹ በሙሉ ከሌሉ ግን በነባሪ ቅንብር ይቀጥላል። ይህን ልዩነት እንድትወስዱት አጥብቄ እመክራለሁ፤ ተጠቃሚው «ይህን ፋይል አንብብ» ብሎ ሳለ ፋይሉን አጥቶ በዝምታ ወደ ሌላ መሄድ ከሁሉም የከፋ ምላሽ ነው።

በዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ ግን እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን የማልከተለው አንድ ነገር አለ። ልብ ብለው ካዩት ስሙ ከቦታው ይቀድማል፤ አዲሱ ስም በሁሉም ቦታ ተፈልጎ ካለቀ በኋላ ነው አሮጌው መፈለግ የሚጀምረው። አንድ ሰው ከሶርስ ኮዱ ውጪ በተለየ የግንባታ ማውጫ ውስጥ ሆኖ እየሠራ፣ በዚያ ማውጫ የራሱ «ኮንፊግ.ቶምል» አለው እንበል። ከለውጡ በፊት ይህ የቅርብ ፋይል በዋናው ማውጫ ካለው ይቀድም ነበር። ከለውጡ በኋላ በዋናው ማውጫ ያለው ፋይል ብቻ ስሙ ቢታደስ፣ የሩቁ «ቡትስትራፕ.ቶምል» የቅርቡን «ኮንፊግ.ቶምል» ይበልጠዋል፤ ሰውየው የራሱን ፋይል ሳይነካ ቅንብሩ ተለወጠ ማለት ነው። ስለዚህ ኮዳችሁ በማውጫ ይጀምር፤ በአንድ ማውጫ ውስጥ ሁለቱንም ስሞች ፈልጎ ካበቃ በኋላ ብቻ ወደሚቀጥለው ማውጫ ይለፍ። ካርጎም እንዲሁ በእያንዳንዱ ማውጫ ላይ ከሁለቱ ስሞች የትኛው እንዳለ ለይቶ ነው ወደ ላይ የሚወጣው። ከአንድ የሚበልጥ ማውጫ የምትፈልጉ ከሆነ በፍለጋው ላይ ሌላ ምንም ባታስተካክሉ ይህን አስተካክሉ።

ሁለቱም በአንድ ማውጫ ሲገኙ ማን ይቅደም በሚለው ላይ የታወቁ መሣሪያዎች አይስማሙም፤ አለመስማማታቸው ግን ምክንያት አለው። የኮንፊገር ስክሪፕት የሚያመነጨው መሣሪያ ኦቶኮንፍ የፋይሉን ስም ከ«ኮንፊገር.ኢን» ወደ «ኮንፊገር.ኤሲ» ሲቀይር ያነሳው ምክንያት ከእናንተ ጋር አንድ ነው፤ «.ኢን» የሚለው መጨረሻ ፋይሉን የሚያነበው የትኛው መሣሪያ እንደሆነ አይናገርም፤ «ኮንፊግ.ኤች.ኢን»ን ከመሳሰሉ ፋይሎችም ጋር ያምታታል። ኦቶኮንፍ ሁለቱን ካገኘ አስጠንቅቆ በአዲሱ ይቀጥላል። ካርጎ ግን ተቃራኒውን መረጠ። እስከ 1.38 ድረስ ያነብ የነበረው ቅጥያ የሌለውን «ኮንፊግ» ብቻ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 ከወጣው ከ1.39 ጀምሮ «ኮንፊግ.ቶምል»ንም ያነባል፤ ሁለቱ ከተገኙ ግን አሮጌውን ይወስዳል። የረስት ቱልቼይኖችን (ኮምፓይለሩንና አብረውት የሚሄዱ መሣሪያዎችን) የሚያስተዳድረው ረስትአፕም በ«ረስት-ቱልቼይን» እና በ«ረስት-ቱልቼይን.ቶምል» መካከል ቅድሚያ የሚሰጠው ለአሮጌው ነው።

አሮጌውን ማስቀደም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሙት የተገለበጠ ይመስላል። ይሁንና አንድ ፕሮጀክት በአንዱ ማሽን ላይ በካርጎ 1.38፣ በሌላው ላይ በ1.39 እንደሚገነባ ያስቡ። አሮጌው መሣሪያ ከአሮጌው ስም ሌላ አያውቅም፤ አዲሱ መሣሪያ አዲሱን ስም ቢያስቀድም ሁለቱ ማሽኖች ከአንድ ማውጫ ሁለት የተለያዩ ቅንብሮች አንብበው ሁለት የተለያዩ ውጤቶች ያወጣሉ፤ ማንም ስህተት አይታየውም። አሮጌው ሲቀድም ሁለቱም አንድ ፋይል ያነባሉ። በቡትስትራፕ ዘንድ ይህ ጭንቀት አነስተኛ ነው፤ መሣሪያው ራሱ በሶርስ ኮዱ ውስጥ ስለሚኖር የሚያነበውን ፋይል የሚያገኘው ከራሱ ጋር በአንድ ሪፖዚተሪ ውስጥ ነው። እናንተ ግን ኮምፓይለራችሁን በየማሽኑ የሚጭነው ተጠቃሚው በመሆኑ ጉዳያችሁ ከካርጎ ጋር ይመሳሰላል። አንዱን ማስቀደም የግድ ከሆነባችሁ አሮጌውን አስቀድሙና ጮክ ብላችሁ አስጠንቅቁ። እኔ ከሁለቱም መቆሙን የመረጥኩት የሚቀርበት ሰው ስለሌለና ማንም ቢቀድም የተሸነፈው ፋይል ባለቤት ስለሚጎዳ ነው።

ከዚህ ጥብቅነት ነፃ ሊሆን የሚገባው አንድ ተጠቃሚ አለ። ይህም አሮጌውንና አዲሱን የኮምፓይለር ቨርዥን በአንድነት ለማስተናገድ ሲል አሮጌውን ስም ወደ አዲሱ ፋይል የሚያመለክት ሲምሊንክ (የራሱ ይዘት ሳይኖረው ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ ስም) ያደረገ ሰው ነው። ካርጎ ይህን በኮዱ ውስጥ ለይቶ ያያል፤ አሮጌው ስም ወደ አዲሱ የሚያመለክት ሲምሊንክ ብቻ ከሆነ «ሁለት ፋይሎች አሉ» ብሎ አያስጠነቅቅም። እናንተ ግን ከሲምሊንክ ይልቅ ይዘትን አወዳድሩ። ምክንያቱም በዊንዶውስ ላይ የሲምሊንክ ድጋፉ ያልበራ ጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ መሣሪያ) ሲምሊንኩን የሚያወርደው የዒላማውን ስም በያዘ አነስተኛ የጽሑፍ ፋይል አድርጎ ነው፤ ኮምፓይለራችሁ ያንን እንደ ቶምል ሊያነብ ሞክሮ በመጀመሪያው መስመር ላይ ይወድቃል። ለዊንዶውስ ተጠቃሚዎች ቅጂ ማስቀመጥ የተሻለ ነው፤ ይዘታቸው አንድ እስከሆነ ድረስ ኮምፓይለሩ ያልፋቸዋል፣ አንዱ ተስተካክሎ ሌላው ሲረሳ ደግሞ ወዲያውኑ ያቆማቸዋል።

ይዘታቸውን ማዋሃድን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ አታዋህዱ። ውህደት ትርጉም የሚኖረው ፋይሎቹ የተለያየ ወሰን ሲኖራቸው ነው፤ ለምሳሌ አንዱ የተጠቃሚው፣ ሌላው የፕሮጀክቱ ሲሆን። በአንድ ማውጫ ውስጥ ያሉ ሁለት ስሞች ግን አንድ ወሰን ነው ያላቸው። ብታዋህዷቸው ከግማሹ ፋይል የመጣ ቅንብር ከሌላው ግማሽ ጋር ተዳብሎ ማንም ያልጻፈውን ሦስተኛ ቅንብር ይፈጥራል፤ ስህተቱን የሚያጣራውም ሰው ሁለት ፋይሎችን ጎን ለጎን ይዞ ቁልፍ በቁልፍ ማመሳከር ይኖርበታል።

አሁን ብዙ ጊዜ ወደሚወስደው ሥራ እንምጣ። ስሙን የሚያውቀው አንድ የኮድ መስመር ብቻ ይመስላል፤ ፈልጋችሁ ስታዩት ግን በየቦታው ተሰግስጎ ታገኙታላችሁ። የረስትን ግንባታ እንደገና ምሳሌ ላድርግ። ግንባታው የሚጀምረው በፓይተን ስክሪፕት ነው፤ ይህ ስክሪፕት ገና ምንም የረስት ፕሮግራም ሳይገነባ የትኛውን ኮምፓይለር አውርዶ መነሻ እንደሚያደርግ ከዚያው ማዋቀሪያ ፋይል ማወቅ አለበት። በፓይተን መደበኛ ላይብረሪ ውስጥ የቶምል አንባቢ የገባው በ3.11 በመሆኑና ስክሪፕቱ በቀደሙት ፓይተኖችም መሥራት ስላለበት ፋይሉን መስመር በመስመር እየቃኘ ነው የሚያነበው። ከዚያ በኋላ በረስት የተጻፈው ቡትስትራፕ ያንኑ ፋይል እንደገና ያነባል። ስለዚህ ከላይ የዘረዘርኩት ቅደም ተከተል በሁለት ቋንቋዎች ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ አንዱ ተቀይሮ ሌላው ቢቀር ፓይተኑ አንዱን ፋይል፣ ረስቱ ሌላውን ያነብ ነበር። ለምሳሌ «ዩዘር» የተባለው ፕሮፋይል (አስቀድሞ የተዘጋጀ የቅንብር ስብስብ) «ዲስት» ተብሎ ሲሰየም አሮጌውን ስም ወደ አዲሱ የሚመልስ አንዲት አነስተኛ ሠንጠረዥ በሁለቱም ቦታ እንድትኖር ሆኗል፤ በኮዱ ላይም ሁለቱ ሳይለያዩ አብረው እንዲታደሱ የሚያሳስብ ማስታወሻ ተጽፏል።

በእናንተም ዘንድ አንባቢውን ብቻ ሳይሆን ጸሐፊውን ፈልጉ። ፋይሉን በራሱ የሚፈጥር የማዘጋጃ ትእዛዝ፣ የኮንፊገር ስክሪፕት፣ የዶከር ፋይል፣ የሲአይ (ኮዱን በራሱ የሚገነባና የሚሞክር ሥርዓት) ስክሪፕት፣ የኤዲተር ቅጥያ ካለ ሁሉም በአንድ ኮሚት (በጊት የተመዘገበ አንድ ለውጥ)፣ ካልሆነም በአንድ ቨርዥን ውስጥ ወደ አዲሱ ስም ይሻገሩ። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት በነበርኩበት አንድ ቡድን ውስጥ ይህ ተዘንግቶ ዋጋ አስከፍሎናል። የግንባታ መሣሪያችን አዲሱን ስም አስቀድሞ አሮጌውንም በዝምታ ያነብ ነበር። የሌሊቱ ግንባታ ስክሪፕት ግን ፕሮግራሙን የሚያፈጥነውን ማመቻቸት ያበራ ትክክለኛ ቅንብር በአሮጌው ስም በየቀኑ እየጻፈ «ፋይሉ ተጽፏል» የሚል መልእክት ያወጣ ነበር። አንድ ባልደረባችን በዚያው ማሽን ላይ ስህተት ሊያጣራ ብሎ ማመቻቸቱን ያጠፋ ፋይል በአዲሱ ስም አስቀምጦ ረሳው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዘገምተኛ ፕሮግራም ለተጠቃሚ ስናደርስ ቆየን፤ ስክሪፕቱን ደጋግመን ብንመረምርም ስክሪፕቱ ትክክል ነበር። ነገሩ የተገለጠው መሣሪያው ከፍቶ ያነበበውን ፋይል ሙሉ ፓዝ (ከነማውጫው ያለ አድራሻ) እንዲያትም አንድ መስመር ስንጨምርበት ነው። ያንን መስመር እናንተ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዝርዝር ማሳያው ውስጥ አስገቡት።

የጊትን ጉዳይም አትርሱ። ፋይሉ በየተጠቃሚው የሚለያይና በ«.ጊትኢግኖር» የተዘለለ ከሆነ አዲሱን ስም ስትጨምሩ አሮጌውን ከዝርዝሩ አታውጡ፤ ካወጣችሁት የቀድሞ ተጠቃሚዎች የግል ፋይል በድንገት ያልተመዘገበ ሆኖ ብቅ ይላል፤ «ጊት አድ» ብለው ሁሉንም ሲጨምሩም አብሮ ይገባል። ችግሩ ወደ ኋላ ሲኬድም አለ። አንድ ገንቢ ስህተት የገባበትን ኮሚት ለማግኘት በ«ጊት ባይሴክት» ከስም ለውጡ በፊት ወደነበረ ኮሚት ቢመለስ፣ የዚያ ዘመን መሣሪያ አዲሱን ስም አያውቅምና ቅንብር የሌለው መስሎት በነባሪው ይገነባል። በረስት ላይ ይህ ማለት ለምሳሌ ሰውየው የማሽን ኮድ ለሚያመነጨው ለኤልኤልቪኤም ያደረገው ምርጫ ሁሉ በዝምታ ይቀራል ማለት ነው። እንዲህ ላለው ሥራ አስተማማኙ መንገድ ፋይሉን በኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል በሙሉ ፓዝ መስጠት ነው፤ ቫሪያብሉ ከስም ለውጡ በፊትም በኋላም በአንድ ዓይነት ይሠራል። እናንተ እንዲህ ያለ ቫሪያብል ከሌላችሁ ስሙን ከመቀየራችሁ አንድ ቨርዥን አስቀድማችሁ አውጡት።

ማስጠንቀቂያውን ስትጽፉ ተጠቃሚው ሊወስድ የሚገባውን እርምጃ በትእዛዝ መልክ ስጡት፤ የተነበበውን ፋይል ሙሉ ፓዝና የሚቀየርበትን ስም ያካትት። ወደ መደበኛው የስህተት መውጫ እንጂ ወደ ውጤት መውጫው አይጻፍ፤ የኮምፓይለራችሁን ውጤት በፓይፕ ተቀብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ካለ አንዲት ተጨማሪ መስመር ትሰብረዋለች። በአንድ ግንባታ አንድ ጊዜ ብቻ ይታይ፤ በየሞጁሉ የሚደጋገም ማስጠንቀቂያ ማንም አያነበውም። የረስት ቡትስትራፕ ለዚህ የሚያስቀና ሥርዓት አለው። በማዋቀሪያው ውስጥ «ቼንጅ-አይዲ» የሚል ቁልፍ አለ፤ መሣሪያው ደግሞ የዋና ዋና ለውጦችን ዝርዝር ከነቁጥራቸው፣ ከነክብደታቸውና ከነማብራሪያቸው ይዟል። ተጠቃሚው በመጨረሻ ካየው ቁጥር በኋላ የመጡትን ብቻ ያሳየዋል፤ የፋይሉ ስም ለውጥም በዚሁ ዝርዝር ውስጥ በማስጠንቀቂያ ደረጃ ተመዝግቧል። ለትንሽ ቡድን ይህን ሁሉ መገንባት ሊበዛ ይችላል፤ ቅንብራችሁ በየጥቂት ወሩ የሚለወጥ ከሆነ ግን ድካሙን ይመልሳል።

በዚያው አጋጣሚ የቁልፎቹንም ስም ላስተካክል የሚል ፍላጎት መምጣቱ አይቀርም። በሌላ ቨርዥን አድርጉት። የፋይሉ ስም ብቻ ሲቀየር የተጠቃሚው ሥራ አንድ የ«ኤምቪ» ትእዛዝ ነው፤ ካስፈለገም በአንድ ትእዛዝ ይመልሰዋል። ቁልፎቹ አብረው ከተቀየሩ ፋይሉ በአሮጌው ኮምፓይለር መነበቡ ይቀራል፤ ከላይ ያልኩት የቅጂና የሲምሊንክ ዘዴም አብሮ ይጠፋል።

ለሙከራ የሚያስፈልጓችሁ ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም ግን በኮድ ይጻፉ። ምንም ፋይል የሌለበት፣ አሮጌው ብቻ ያለበት፣ አዲሱ ብቻ ያለበት፣ ሁለቱም በአንድ ይዘት ያሉበት፣ ሁለቱም በተለያየ ይዘት ያሉበት፣ አሮጌው በቅርቡ ማውጫ አዲሱ በሩቁ ያለበት፣ በስም ተጠርቶ የተሰጠው ፋይል የሌለበት። ፋይሉን ከአንድ በላይ ፕሮግራም የሚያነበው ከሆነ ያንኑ ሙከራ ለሁሉም አስኪዱ፤ የከፈቱት ፓዝ አንድ መሆኑንም አወዳድሩ።

የቀድሞው ስም መቼ ይቅር ለሚለው፣ ቀኑን የሚወስነው በአገልግሎት ላይ ያለው የመጨረሻው አሮጌ ቨርዥን ነው። አዲሱን ስም የማያውቅ ቨርዥን እስከደገፋችሁ ድረስ ተጠቃሚዎቻችሁ አሮጌውን ስም ማቆየት ግድ ይሆንባቸዋል፤ ስለዚህ ያ ቨርዥን ከድጋፍ ሳይወጣ የአሮጌውን ንባብ አታንሱ። ካርጎ አሮጌውን ስም ብቻ ሲያገኝ ማስጠንቀቅ የጀመረው አዲሱን ማንበብ ከጀመረ ከዓመታት በኋላ ነው፤ በማስጠንቀቂያውም ላይ 1.38ንና ከዚያ በፊት የነበሩትን መደገፍ ለሚፈልጉ ሲምሊንክ እንዲያደርጉ ይጠቁማል። ጊዜው ደርሶ ስታነሱት ደግሞ የአሮጌውን ፋይል ይዘት ማንበቡን ተዉ እንጂ መኖሩን ማየቱን አትተዉ። አሮጌው ፋይል ብቻ ሲገኝ ኮምፓይለሩ በነባሪ ቅንብር ከመገንባት ይልቅ ይቁም፤ መልእክቱም የፋይሉን ሙሉ ፓዝ አስቀድሞ «ይህ ፋይል ከዚህ ቨርዥን ጀምሮ አይነበብም፤ ስሙን ቀይረው እንደገና ይሞክሩ» ይበልና አዲሱን ስም ይንገረው። ይህች ፍተሻ ጥቂት መስመር ኮድ ናት፤ ከአምስት ዓመት በኋላ አሮጌ ፕሮጀክት ከፍቶ ለሚገነባ ሰው ስትሉ እዚያው ተዉአት።